የአየርላንድ ስደተኞች፦ ናፍቆት፣ ደብዳቤና የመርከብ ቲኬት



ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎቼ አንዷ «ቤተሰቡን ያን ያህል የሚወድ ሰው እንዴት ጥሎ ይሄዳል?» ስትል ጠይቃኝ ነበር። የዛሬው ገለጻዬ ለእርሷ ጥያቄ መልስ ይሁንልኝ።

ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. የአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ተመትቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል፤ ከሚሊዮን በላይ የሚሆነውም ተሰዷል። ረሀቡ ቢያልፍም ስደቱ አልቆመም። የእርሻ መሬቱ ባብዛኛው ለአንድ ልጅ ብቻ ስለሚተላለፍ ለቀሩት እኅትና ወንድሞች በአገር ቤት የሚተርፋቸው አልነበረም።

በመነሻው ዋዜማ ጎረቤት ተሰብስቦ እየበላ፣ እየጠጣ፣ እየጨፈረ ያነጋል፤ ጎሕ ሲቀድ ሙሾ ይወርዳል። ሥርዓቱ አስከሬን ተከብቦ ከሚታደርበት ልማድ የተወሰደ ሲሆን «የአሜሪካ ለቅሶ» ይባል ነበር። ስያሜው ቀልድ አልነበረም፤ ከሄዱት የተመለሱት ጥቂቶች ናቸውና።

ቦስተን ወይም ኒውዮርክ የደረሰች ያላገባች ወጣት አብዛኛውን ጊዜ በቤት ሠራተኝነት ትቀጠራለች። ማደሪያዋና ምግቧ ከአሠሪዎቿ ቤት ስለሆነ ደመወዟን ለመላክ ይመቻታል። (ቤይሩትና ጅዳ ያሉ እኅቶቻችን ትዝ ቢሏችሁ አልፈርድባችሁም፤ ንጽጽሩ ግን ራሱን የቻለ ገለጻ ይሻል።) ደብዳቤዋ መንደር ሲደርስ ጎረቤት በተሰበሰበበት ጮክ ተብሎ ይነበባል። አደባባይ በሚነበብ ደብዳቤ ላይ ብቸኝነትን መዘርዘር እንደምን ይቻላል? ስለዚህ በእነዚህ ሰነዶች ናፍቆትን የምንፈልግ ተመራማሪዎች ከቃላቱ ይልቅ ከደብዳቤው ጋር የተላከውን ብንመለከት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የተላከው ገንዘብ ለመሬት ኪራይና ለዕዳ ይውላል፤ አንዳንዴም ለታናሽ እኅት ወይም ወንድም አስቀድሞ የተከፈለበት የመርከብ ቲኬት ይሆናል። ናፋቂዋ ወደ ቤቷ ከመመለስ ይልቅ ቤቷን አንድ በአንድ ወደ ራሷ ትስባለች። አገር ቤት ለቀሩት ወላጆች ግን እያንዳንዱ ቲኬት ሌላ የለቅሶ ሌሊት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቀድመው የሚሄዱት ወላጆቹ ነበሩ። የኤሊስ ደሴት መቀበያ ጥር 1 ቀን 1892 እ.ኤ.አ. ሲከፈት በመጀመሪያ የተመዘገበችው የኮርኳ አኒ ሙር ናት። ጋዜጦች 15 ዓመቷ ነው ቢሉም 17 ዓመቷ ነበር። ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ይዛ የመጣችው ቀድመው ኒውዮርክ ወደገቡት ወላጆቿ ነበር።