ቤቴስዳ ለኤችአይቪ ተመራማሪዎች

የአሜሪካ መንግሥት ለኤችአይቪ ምርምር የሚሰጠው ድጋፍ አብዛኛው የሚመነጨው ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ በሜሪላንድ ግዛት ቤቴስዳ ከሚገኙት ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ነው። በምህጻሩ ኤንአይኤች የሚባለው ይህ ተቋም 27 ኢንስቲትዩቶችንና ማዕከላትን ያቀፈ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ለኤችአይቪ ምርምር በየዓመቱ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲመድብ ቆይቷል። ከገንዘቡ ሌላ ተመራማሪው የሙከራ ቁሳቁስ፣ የመረጃ ክምችትና የባለሙያ ምክር ያገኛል፤ ሊያከብረው የሚገደደውን ደንብም አብሮ ይቀበላል።

ኤችአይቪ የአንድ ኢንስቲትዩት ብቻ ጉዳይ አይደለም። ቫይረሱ አንጎልን ይነካል፣ ለካንሰር ያጋልጣል፣ ከአደንዛዥ ዕፅ መርፌ ጋር ይዛመታል። ስለዚህ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1988 ሥራውን የሚያቀናጅ የኤድስ ምርምር ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ በ1993 የወጣ ሕግም የሁሉንም ኢንስቲትዩቶች የኤድስ ምርምር ዕቅድና በጀት የማዘጋጀት ሥልጣን ሰጠው። እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ ከተቋሙ በጀት 10 በመቶ ያህሉ ለኤድስ የሚመደብበት ልማድ ነበር። ልማዱ ገንዘቡን ከሌሎች በሽታዎች ሽሚያ ጠብቆታል፤ በአንጻሩ ከኤችአይቪ ጋር በቀጭን ክር ብቻ የተያያዙ ጥናቶች የኤድስ ስም እየለበሱ እንዲያልፉ በር ከፍቷል። ከዚያ ወዲህ ቅድሚያ የሚሰጠው ክትባትን ጨምሮ ለመከላከል፣ ለተሻሻለ ሕክምና፣ ፈውስ ለማግኘትና ከቫይረሱ ጋር አብረው ለሚመጡ ሕመሞች ነው። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው በ1986 የተቋቋመው የኤድስ ዘርፍ ሲሆን፣ ይህም በብሔራዊ የአለርጂና የተላላፊ በሽታዎች ኢንስቲትዩት ሥር ነው።

ገንዘብ የሚጠይቅ ተመራማሪ ማመልከቻውን ከመጻፉ በፊት ሊያነጋግረው የሚገባ ሰው አለ፤ ፕሮግራም ኦፊሰር ይባላል። ይህ ባለሙያ ሐሳቡ ለየትኛው ኢንስቲትዩት እንደሚስማማ፣ ተመሳሳይ ጥናት ቀድሞ ተይዞ እንደሆነና የትኛው የድጋፍ ዓይነት እንደሚሻል ይመክራል። ምክሩ አይከፈልበትም፤ ሆኖም ብዙ ጀማሪዎች ባለሥልጣን ማስቸገር እየመሰላቸው ይተዉታል፤ ይህም ከማመልከቻው ጉድለት ሁሉ የከፋው ነው። ማመልከቻውን የሚመዝኑት ሌሎች ናቸው። የሙያ አጋሮች ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣሉ፣ አማካዩ በአሥር ይባዛል፤ 10 ከሁሉ የተሻለው፣ 90 የመጨረሻው ነው። ከዚያ የኢንስቲትዩቱ አማካሪ ምክር ቤት ያየዋል። የወደቀ ማመልከቻም ከጽሑፍ ትችት ጋር ስለሚመለስ፣ ባለቤቱ አሻሽሎ እንደገና ሊያቀርበው ይችላል። ለኤድስ ማመልከቻዎች ግምገማው እንዲፋጠን ሕግ ስላዘዘ፣ ለረጅም ዓመታት ከሌሎቹ የተለየ የማስገቢያ ቀን ነበራቸው።

ብዙም የማይወራለት፣ ግን ምናልባት ከሁሉ ይበልጥ ሳይንሱን ያራመደው ድጋፍ፣ በ1988 የተጀመረው የሪኤጀንት (የሙከራ ቁሳቁስ) ፕሮግራም ነው። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመታት እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ በራሱ ቫይረስ፣ በራሱ ሕዋስና በራሱ አንቲቦዲ ይሠራ ነበር፤ የየራሱን ሚዛን ይዞ ገበያ እንደወጣ ነጋዴ አንዱ የለካውን ሌላው ማመን ይቸግረው ነበር። ፕሮግራሙ ተመራማሪዎች የፈጠሩትን ቁሳቁስ ተቀብሎ፣ ትክክለኛነቱን አረጋግጦና በቅዝቃዜ አከማችቶ፣ ለተመዘገቡ ሳይንቲስቶች ከአሜሪካ ውጭ ላሉትም ጭምር ያለ ዋጋ ያድላል። ከሚታደሉት ታዋቂው ቲዜድኤም-ቢኤል የተባለው የሕዋስ ዝርያ ነው። ሄላ ከተባሉት የካንሰር ሕዋሳት የተገኘ ሲሆን፣ ኤችአይቪ ለመግባት የሚያስፈልጉት ሲዲ4ና ሲሲአር5 የተባሉ ተቀባዮች በላዩ እንዲበቅሉ ተደርጓል። በውስጡ ደግሞ ሉሲፈሬዝ የተባለ ብርሃን የሚፈጥር ኢንዛይም ዘረመል ገብቶበታል፤ ቫይረሱ ሕዋሱን ሲይዝ ይህ ዘረመል ይነቃል። በክትባት የተገኘ አንቲቦዲ ቫይረሱን ካገደ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ የቀነሰው መጠንም የአንቲቦዲው አቅም መለኪያ ይሆናል። ዛሬ በተለያዩ አህጉራት የሚሠሩ የክትባት ጥናቶች ውጤታቸውን ማነጻጸር የቻሉት በአብዛኛው ሁሉም በዚህ ሕዋስ ስለሚለኩ ነው።

የመረጃ ክምችቱም እንዲሁ ለሁሉም ክፍት ነው። በኒው ሜክሲኮ የሚገኘው የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ፣ ከአቶሚክ ቦምብ ጋር ስሙ የሚነሳው፣ በኤንአይኤች ገንዘብ የኤችአይቪን የዘረመል ቅደም ተከተሎች ከመላው ዓለም ሰብስቦ ይይዛል። ተመራማሪው ያገኘውን ቅደም ተከተል ኤችኤክስቢ2 ከተባለው መነሻ ቫይረስ ጋር አሰልፎ ለውጡ የቱ ጋ እንዳለ ያውቃል፤ የቁጥር አቆጣጠሩ አንድ ስለሆነ በናይሮቢም በሲያትልም ያለ ሰው አንድ ቦታ ይጠቁማል። በዚህ ክምችት ውስጥ ንዑስ ዓይነት ሲ ለተባለው የቫይረሱ ዝርያ እንደ ማነጻጸሪያ ከሚያገለግሉት አንዱ ኢቲኤች2220 ነው። ናሙናው በ1986 ከኢትዮጵያ የተወሰደ ሲሆን፣ ሙሉ ቅደም ተከተሉ በ1996 ታትሟል። ንዑስ ዓይነት ሲ በኢትዮጵያ የሚበዛው ሲሆን፣ በዓለም ካለው የኤችአይቪ ስርጭትም ግማሽ ያህሉን ይይዛል።

በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ ሲመጣ ድጋፉ ከቁጥጥር ጋር ይመጣል። ሙከራዎቹ የሚሠሩት በየአገሩ ቦታ ባላቸው ትላልቅ መረቦች አማካይነት ነው፤ የሕክምና መረቡ በ1987 ተመሠረተ። ፕሮቶኮሉ በሥነ ምግባር ቦርድ ይጸድቃል፣ የማኅበረሰብ አማካሪ ቡድንም ያየዋል። የኋለኛው ከታካሚዎች ትግል የተገኘ መብት ነው፤ በግንቦት 1990 አክቲቪስቶች ቤቴስዳ ግቢ ድረስ ሄደው ጮኸዋል። የተሳታፊውን ማንነት የሚገልጽ መረጃ በፍርድ ቤት እንኳ ተገድዶ እንዳይወጣ የሚከላከል የምስጢር ማረጋገጫ ከ2017 ጀምሮ ለተቋሙ ጥናቶች በራሱ ይሰጣል።

ከሁሉ ሥልጣን ያለው ግን ገለልተኛው የመረጃና ደኅንነት ቦርድ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እንዳያዩ የተከለከሉትን ጊዜያዊ ውጤት ይህ ቦርድ እያየ ሙከራው እንዲቀጥል ወይም እንዲቆም ይመክራል። በ1994 ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ የተደረገው ኤዜድቲ የተባለው መድኃኒት ሙከራ ቀድሞ የቆመው፣ ማስመሰያ ከወሰዱት የተወለዱ ሕፃናት 25.5 በመቶ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ግን 8.3 በመቶ ብቻ በቫይረሱ መያዛቸው ስለታየ ነው። በ2011 ሕክምናን ቶሎ መጀመር ወደ ትዳር አጋር መተላለፍን 96 በመቶ እንደሚቀንስ ያሳየው ጥናትም በተመሳሳይ መንገድ ከጊዜው በፊት ይፋ ሆነ። ቦርዱ ተስፋ ሲቆርጥም ይናገራል፦ በ2020 በደቡብ አፍሪካ የክትባት ሙከራ ክትባቱን ከወሰዱት 129፣ ካልወሰዱት 123 ሰዎች መያዛቸው ሲታይ ሥራው ተቋረጠ።

የአፍሪካ ተመራማሪ የዚህ ድጋፍ ተካፋይ የሚሆነው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የፎጋርቲ ዓለም አቀፍ ማዕከል ከ1988 ጀምሮ የሚሰጠው የኤድስ ምርምር ሥልጠና ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በ2010 የተጀመረው የሕክምና ትምህርት አጋርነት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲንም አካቷል። ሌላው ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመጣመር ንዑስ ተቀባይ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ካገኘው ድጋፍ ተካፋይ፣ መሆን ነው። ይህ ሁለተኛው መንገድ በ2025 ተናወጠ፤ ኤንአይኤች አዲስ ሥርዓት እስኪዘረጋ ድረስ የውጭ ንዑስ ተቀባይ ያለባቸውን ድጋፎች እንደማይሰጥ በግንቦት አስታወቀ። የታሰበው አከፋፈል ገንዘቡ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ለውጭው ተቋም እንዲደርስ ነው። ተጠያቂነቱ ግልጽ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ሒሳቡን፣ ሪፖርቱንና ኦዲቱን አሜሪካዊው አጋር ሲሠራለት የኖረ ተቋም ከእንግዲህ ራሱን የቻለ የድጋፍ አስተዳደር ክፍል ያስፈልገዋል፤ ያንን ክፍል ለማቋቋም ደግሞ ከምርምሩ በፊት የሚመጣ ገንዘብ ያሻል።