ስብጥር ጓሮና የሙዝ ጓሮ፦ ከጨንቻ ደጋ እስከ አርባ ምንጭ ቆላ

ከአርባ ምንጭ ዙሪያ ሙዝ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚገሰግሰውን አይሱዙ የማያውቅ የፍራፍሬ ነጋዴ የለም። ከዚያው አካባቢ፣ ከጨንቻ ተራራ ላይ፣ ፖም በቅርጫት እየተለቀመ እንደሚወርድም ይታወቃል። ሁለቱን ቦታዎች የሚለያያቸው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በከፍታ ግን ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትቀመጥ፣ አርባ ምንጭ ከ1,300 ሜትር እምብዛም አታልፍም። ታዲያ ሙዙ በአንድ ጊዜ መኪና ሲሞላ ፖሙ ከየደጃፉ ጥቂት በጥቂት የሚሰበሰበው ለምንድን ነው? «ገበሬው ገበያ ስላልገባው ነው» የሚል ደላላ አይጠፋም። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ ያለውም በጓሮው ውስጥ ነው።

በጋሞ ደጋ ጓሮ ማለት የጎመን መደብ ብቻ ማለት አይደለም። ከቤቱ ኋላና ጎን እንሰት ይቆማል። በአጠገቡ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ይተከላል። በአጥሩ ጥግ ቀርከሃ ይበቅላል፤ ከደጃፉ ጤና አዳምና ሌሎች የቅመምና የመድኃኒት ዕፅዋት አይታጡም። ገብሱና ስንዴው ራቅ ካለው ማሳ ላይ ነው። የከብቱ ፍግ የሚጠራቀመው በቤቱ ዙሪያ በመሆኑ፣ ከቤት በተራቀ ቁጥር የአፈሩ ለምነት ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር ጓሮው የገበሬው ውዱ መሬት ነው፤ እዚያ ቦታ የሚሰጠው ተክልም ቦታውን በሚገባ መክፈል አለበት።

እንሰት ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ የታወቀ ጥናት ስሌት መሠረት ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንሰት አምስት ወይም ስድስት ነፍስ ያለውን ቤተሰብ ለዓመት ሊመግብ ይችላል፤ የሚይዘውም መሬት ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር ነው። እንደ እህል የተወሰነ የመኸር ቀን ስለሌለው፣ ሲያስፈልግ ይፋቃል፣ ካላስፈለገ ቆሞ ይጠብቃል። ቆጮና ቡላ ያለው ቤት የፖም ዋጋ ወደቀ ብሎ አይደነግጥም፤ የእለት ምግቡ ከገበያ ጋር ስላልታሰረ ነጋዴውን «ነገ ና» ለማለት አቅም አለው።

ፖም ወደ ጨንቻ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሚሲዮናውያን አማካይነት ነው። ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ደጋው ተስማማው፤ ተዳቅሎ የሚሸጠው ችግኝም ከፍሬው ጎን ለጎን ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። ችግሩ ፖምም የሚፈልገው ያንኑ ፍግ የጠገበ መሬት መሆኑ ነው። አንድ የፖም ዛፍ ሲጨመር ከእንሰቱ ወይም ከአትክልቱ አንድ ነገር ይቀነሳል። በዚህ ምክንያት ገበሬው ጥቂት ዛፍ ተክሎ ያቆማል፤ ሰብሳቢውም አንድ መኪና ለመሙላት ብዙ በር ያንኳኳል። የማሰባሰቢያ ወጪ በዛ የሚለው የነጋዴ ቅሬታ ትክክል ነው። ገበሬው ግን ተሳስቶ አይደለም፤ ለዋስትናው የሚከፍለው አረቦን ነው።

ወደ ቆላው ሲወረድ ስሌቱ ይለወጣል። እንሰት በዚያ ብርቅ ነው። በቀደሙት ዘመናት መሬቱ በበቆሎ፣ በጥጥና በስኳር ድንች ይያዝ ነበር፤ በግቢው ውስጥ ሽፈራው፣ ማንጎና ፓፓያ ይቆማሉ። እንደ ኩልፎና ሐሬ ያሉ ወንዞች በመስኖ ሲጠለፉና መኪና እስከ ማሳው ሲደርስ ግን ሙዝ አብዛኛውን ቦታ ወሰደ። ለምን ቢባል፣ ሙዝ በተተከለ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ፍሬ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ዘለላው ዓመቱን ሙሉ እየተፈራረቀ ስለሚደርስ በየጊዜው ጥሬ ገንዘብ ያስገኛል። ከጥጥም ከበቆሎም ይህ የሚገኝ አይደለም።

ይሁን እንጂ በቆሎውን በሙዝ የተካ ቤተሰብ በቆሎ ገዢ ሆኗል። የበቆሎ ዋጋ ሲንር የሙዝ ዋጋ ቢወድቅ ከሁለቱም ወገን ይመታል። ሙዝ ደግሞ እንደ እንሰት ቆሞ አይጠብቅም፤ ከደረሰ በተገኘው ዋጋ መሄድ አለበት። ይህን የሚያውቅ ደላላ ዋጋ ይሰብራል፤ ለጊዜውም ያተርፋል።

ትልቁ ሥጋት ግን ከዋጋ በላይ ነው። የአርባ ምንጭ ሙዝ በአመዛኙ ካቨንዲሽ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ የሚራባው ከእናቱ ሥር በሚነሳ ቡቃያ ነው። ስለዚህ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። እንሰትም እንዲሁ በቡቃያ ይራባል፤ ሆኖም አንድ የደጋ ገበሬ በጓሮው በስም የሚለያቸው በርካታ የእንሰት ዓይነቶች ስለሚይዝ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመቱበትም። ሁለቱ ተክሎች ዘመዳሞች በመሆናቸው በሽታም ይጋራሉ። የእንሰት አጠውልግ የተባለው በሽታ በሳይንስ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ከእንሰት፣ በ1974 ደግሞ ከሙዝ ላይ ተመዝግቧል፤ ሁለቱም ከዚሁ ከኢትዮጵያ ነው። ያው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ ታይቶ የሙዝ አምራቹን አካባቢ ክፉኛ ጎድቷል። የሚተላለፈው በቢላ፣ በታመመ ቡቃያና በነፍሳት ነው።

የገበያ ቅርበት ጓሮን ማሳሳቱ የጋሞ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ተስፋዬ አበበ በሲዳማ 144 ጓሮዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጽሑፍ፣ ዛፍ ሳይቆጠር 78 የሰብል ዓይነት መዝግበዋል፤ በአማካይ ለአንድ ቤት 16 ይደርሳል። በመንገድና በገበያ አቅራቢያ ግን ጫት እንሰትና ቡናውን እየገፋ ብቻውን ወደ መቆም ያዘነብላል። ጫትም እንደ ሙዝ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ደጋግሞም ይሸጣል። ገበሬውን የሚያማልለው ይኸው ነው።

በእነዚህ አካባቢዎች ገንዘቡን ለማፍሰስ የሚያስብ ባለሀብት ከማሳው ስፋት አስቀድሞ፣ ሻጩ ቤተሰብ ከሚሸጠው ሰብል ሌላ በጓሮው ምን እንዳለው ቢጠይቅ ይበጀዋል። የሚበላው ያለው አቅራቢ በዋጋ ቢከራከርም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ይገኛል። ሁሉን በአንድ ተክል ላይ የጣለው በርካሽ ይሸጣል፤ በሽታ የገባ ዕለት ግን እርሱም ከነጎረቤቱ ከገበያ ይወጣል፤ መኪናውም ባዶውን ይመለሳል። ዘለላ ቆራጮቹ የነጋዴው ሰዎች በሆኑበት ቦታ፣ ቢላው ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት በእሳት እንዲለበለብ ወይም በበረኪና እንዲታጠብ ማዘዝ ይቻላል። ወጪው ከአንድ ጠርሙስ በረኪና አይበልጥም።