ከፎር ዊል መኪና ትራንስፈር የሚሰማ ያልተለመደ ድምፅን ስለ መለየት

የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ማመላለሻ ጊዜ ከክረምቱ መግቢያ ጋር ስለሚገጥም፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መኪና በግንቦትና በሰኔ ከቆመ የሚዘገየው ጉዞ ብቻ ሳይሆን ዘሩም ጭምር ነው። ከመኪናው ሥር ያልተለመደ ድምፅ ሲሰማ ብዙ ጊዜ «ትራንስፈሩ ነው» ይባልና ሳጥኑ ይፈታል። ይህ ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ቀን የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ ድምፁም ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መፍቻ ከመነሣቱ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ሾፌሩ በጽሑፍ እንዲይዝ እንመክራለን።

ትራንስፈር ከካምቢዮው ኋላ ተያይዞ የሚገኝ፣ ኃይልን በሁለት ካርዳኖች ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍል ሳጥን ነው። እንደ ላንድ ክሩዘር 70 ባሉት መኪናዎች ኃይሉ በጥርስ ሲተላለፍ፣ በብዙ ፒክአፖች ግን በሰንሰለት ይተላለፋል።

በመጀመሪያ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ካምቢዮው በዜሮ ማርሽ ላይ ሳለ ይደመጥ። በዚህ ሁኔታ ትራንስፈሩ ስለማይዞር፣ የሚሰማ ድምፅ ቢኖር እርሱ ከደሙ ንጹሕ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ድምፁ ከጠፋ የካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታ፣ ሲረገጥ ከመጣ ደግሞ የፍሪሲዮኑ መግፊያ ኩሽኔታ ይመረመራል።

ቀጥሎ በጉዞ ላይ ይፈተናል። ከአስፋልት ወደ ጠጠር መንገድ ሲወጣ የሚለወጥ ጉምታ የጎማ ነው። ሲነሣና ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ «ቋ» የሚል ድምፅ በአብዛኛው ካለቀ ክሮቸራ ወይም ግራሶ ካጣ ካርዳን ይመጣል፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው ካርዳኑን በእጅ ማወዛወዝ ይህን ያሳያል። የፊት ሐብ በእጅ የሚቆለፍ ከሆነ ደግሞ፣ በሁለት ጎማ እየተነዳ አንድ ጊዜ ተቆልፎ፣ አንድ ጊዜ ተፈትቶ ይሞከር። ሐቡ ሲፈታ ድምፁ ከጠፋ፣ ጉዳቱ ከፊት አክስል፣ ከፊት ካርዳን፣ ቢበዛም ከትራንስፈሩ የፊት መውጫ ኩሽኔታ አያልፍም።

ብልሽት ሳይኖር የሚያስደነግጥ ድምፅም አለ። በደረቅ አስፋልት ላይ በፎር ዊል ሲታጠፉ መኪናው ይንዘፈዘፋል፣ ይንኳኳል፣ የማርሽ ዘንጉም አልወጣ ይላል። በመታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ይሄዳሉ፤ ትራንስፈሩ ግን ሁለቱን ካርዳኖች እኩል ያዞራቸዋል። ልዩነቱ በጭቃ ላይ በመንሸራተት ሲካካስ፣ በደረቅ መንገድ ግን በጥርሶቹ ላይ ጭነት ሆኖ ይቀራል። መሀል ዲፈረንሻል ያላቸው መኪናዎች፣ ዲፈረንሻሉ ካልተቆለፈ በቀር፣ ይህ አያገኛቸውም። ዘንጉ እምቢ ካለ በመዶሻ መምታት ሳይሆን፣ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ያላቅቀዋል። ከፊት አዲስ፣ ከኋላ ያለቀ ጎማ ማሠርም ይህንኑ ችግር ያመጣል፤ ጎማ አልቆ ሁለት ብቻ በሚገዛበት ማኅበር ይህ ይታሰብበት።

አንድ ድምፅ ግን ፋታ አይሰጥም። በባለሰንሰለት ትራንስፈር፣ በፎር ዊል ዳገት ሲወጣ ጥርስ እየዘለለ «ጧ ጧ» ካለ፣ ሰንሰለቱ ተለጥጧል፤ ከቀጠለ የአሉሚንየሙን ሳጥን ሊሰብር ይችላል። መኪናው ወደ ሁለት ጎማ ተመልሶ፣ ጭነት ሳይጨመርበት ወደ ጋራዥ ይሂድ።

ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን ዘይት መታየት አለበት። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሳጥኑ ከበረደ በኋላ፣ የመሙያው ቡሎን ይፈታ፤ በአብዛኞቹ መኪናዎች ዘይቱ እስከ ቀዳዳው ከንፈር መድረስ አለበት። የካምቢዮውም አብሮ ይታይ። በሁለቱ መካከል ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ሲያልቅ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋልና፣ ከውጭ አንዲት ጠብታ ሳትታይ ትራንስፈሩ ሊደርቅ ይችላል። የአንዱ ጎድሎ የሌላው ተርፎ ከተገኘ ምክንያቱ ይኸው ነው። በቡሎኑ ማግኔት ላይ የሚገኝ ግራጫ ልሙጥ ዝቃጭ የተለመደ ሲሆን፣ በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ግን የጥርስ ወይም የኩሽኔታ መሰበር ምልክት ነው። የዘይቱ ዐይነት ከመኪናው መጽሐፍ ይታይ፤ ብዙ ባለጥርሶች ባለ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ሲወስዱ፣ አንዳንድ ባለሰንሰለቶች የሚወስዱት የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው።

ወንዝ የተሻገረ መኪና በተለይ ይጠበቅ። የጋለ ሳጥን በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በማገጃው ወይም በመተንፈሻው በኩል ውኃ ይስባል። ዘይቱ የወተት መልክ ካመጣ በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ቀን ይለወጥ፤ የመተንፈሻው ቱቦም በጭቃ አለመደፈኑ ይታይ።