የተሸጠ እንቅልፍ

ካሊፎርኒያ ውስጥ በካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ እማራለሁ፤ ለቡድኑም አገር አቋራጭ እሮጣለሁ። እዚያ አንድ ዩኒት ማለት የሳምንት 1 ሰዓት ሥራ ነው። 45 ዩኒት ይዤ፣ 15 ሰዓት ልምምድ ጨምሬ፣ የጎደለኝን ሁሉ ከእንቅልፌ እበደር ነበር። እናቴ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ተረኛ ሆና እያስተማረችኝ 8 ሰዓት መተኛት ነውር መሰለኝ።

ዕዳውን የከፈልኩት በፈተና ነው። እኛ ዘንድ ወደ መኝታ ክፍል የሚወሰድ ፈተና አለ፤ ተቆጣጣሪ የለውም፣ ሰዓቱን የሚጠብቀው የተማሪው ሕሊና ነው። የ3 ሰዓቱን ወረቀት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከፈትኩ። ስነቃ ጎህ ቀዷል። ማንም አላየኝም፤ መልሱንም አውቀዋለሁ። ግማሹን ባዶ አስረከብኩ።

እናቴ ስትሰማ «እኔ እንቅልፌን የሸጥኩት አንተም እንድትሸጥ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሒሳቡን ደገምኩት። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ለትምህርት 45፣ ለስፖርት 15፣ ለእንቅልፍ 56 ሲሰጥ 52 ይተርፋል። የቤት ሥራ ሲበዛ አሁን የምቀንሰው ከዚያ ነው።

«ሩጫውን ተው» ያሉኝ ነበሩ። ካልቴክ ለዝና የሚሮጥበት ቦታ አይደለም፤ የቅርጫት ኳስ ቡድኑ በሊጉ 310 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ያሸነፈው በ2011 እ.ኤ.አ. ነበር፣ 46 ለ45። እኔ ግን አልተውኩም። ማለዳ ልምምድ ያለበት ሰው በጊዜ ይተኛል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ጋ ስትደውሉ ስለ ውጤቱ ከመጠየቃችሁ በፊት «ተኝተሃል ወይ?» በሉት።