ከፍ ብሎ ስለ ማየት፤ ወደ በዛዊት ኮረብታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጡ

ከየጠቅላይ ግዛቱም ሆነ ከየክልሉ፣ በድሮው አጠራርም ሆነ በአሁኑ፣ ወደ ባሕር ዳር ለትምህርት የሚመጣ ተማሪ ሻንጣውን ካሳረፈ በኋላ ቶሎ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ከተማው ሁሉ የሚታየው ከየት ላይ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንገደኛ በማያውቀው አገር ሲያልፍ ከአንድ ጉብታ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን መቃኘቱ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ወጥቶ «አቤት ሲያምር!» ብሎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መውረድ አንድ ነገር ነው፤ አይቶ መውረድ ደግሞ ሌላ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ነው።

በሌላው ዓለም ከፍ ብሎ ማየት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። በፓሪስ የኤፌል ግንብ እ.ኤ.አ. በ1889፣ በኒው ዮርክ ኤምፓየር ስቴት የተባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1931 ከተከፈቱ ጀምሮ፣ ሕዝቡ ገንዘብ እየከፈለ በአሳንሰር ይወጣል፤ በኒው ዮርኩ ሕንፃ ዋናው ሰገነት ያለው በ86ኛው ፎቅ ላይ ነው። በአገራችንም በየካቲት 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ባሕር ዳር ይህን የመሰለ ሕንፃ የላትም። ሆኖም አሳንሰር የማያስፈልገው ሰገነት አላት፤ እሱም ከዓባይ ማዶ፣ ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው የበዛዊት ኮረብታ ነው። በአናቱ ላይ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ቦታውን የመረጡት ሰዎች ዐይናቸው አልተሳሳተም፤ በአንድ ወገን ዓባይ፣ በሌላው ከተማውና ጣና ይታያሉና።

በመጀመሪያ ከኮረብታ ላይ ምን ያህል ርቀት ሊታይ እንደሚችል እንወቅ። ምድር ክብ ስለ ሆነች እይታችን ወሰን አለው። ወሰኑንም ለማግኘት የቆምንበትን ከፍታ በሜትር ወስደን፣ ስኩዌር ሩቱን አውጥተን በ3.57 ብናባዛው ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጠናል። በጣና ዳር ቆሞ ዐይኑ ከውኃው 1.6 ሜትር ከፍ ያለለት ሰው የውኃውን ገጽ የሚያየው እስከ 4.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። መቶ ሜትር ከፍ ቢል ወደ 36 ኪሎ ሜትር ያያል። ጣና ግን ከሰሜን እስከ ደቡብ ወደ 84 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ከባሕር ዳር ወገን ቆሞ የጎርጎራን ዳርቻ አያለሁ ብሎ የሚወጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። የከፍታን ነገር በጎንደርም መመርመር ይቻላል። ከፋሲል ግንብ አናት ጣና ይታያል ሲባል እንሰማለን። ግንቡ 32 ሜትር ያህል ነው፤ በስሌታችን ይህ ቁመት ብቻውን የሚሰጠው 20 ኪሎ ሜትር ነው። የቀረውን የሚሰጠው ጎንደር ራሷ ከሐይቁ ገጽ ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ብላ መቀመጧ ነው። ከግንቡ በፊት ቦታው ሠርቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። በክረምት ደመናና ዝናብ፣ በበጋው መጨረሻ ደግሞ አቧራና ጭጋግ እይታውን ይጋርዱታል። ዝናቡ አየሩን አጥቦ ከሄደ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ያለው ወራት ከሁሉም ይመረጣል። ከቀኑም ሰዓት መምረጥ ያሻል። ብዙ ሰው ወደ በዛዊት የሚወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ነው፤ ለደስታ ከሆነ መልካም ነው። ነገር ግን ከተማው ከኮረብታው በስተ ሰሜን ምዕራብ ስለሚገኝ፣ በማታ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመጣና ሕንፃው ሁሉ ጥላ ብቻ ይሆናል። ለማጥናት የሚወጣ ሰው ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይውጣ፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ከጀርባው ሆኖ ከተማውን ያበራለታል።

ሦስተኛው ዝግጅት ነው። ውኃ፣ ቆብ፣ እርሳስ፣ ደብተርና የከተማው ካርታ ያዙ፤ የሩቅ መነጽር ያለው ጓደኛ ከተገኘ እሱን አስከትሉ። ቤተ መንግሥቱ የሚጠበቅ ስፍራ ስለ ሆነ፣ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠባቂዎቹን በአክብሮት ጠይቁ፤ «አይቻልም» ካሉም ክርክር አያስፈልግም። ከዚህም በላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ግጭት ስለ ነበረ፣ የዕለቱን ሁኔታና የሰዓት ገደብ ካለ አስቀድሞ ከአካባቢው ሰው ሳይጠይቁ መነሣት ብልህነት አይደለም። ብቻችሁንም አትውጡ። አራት ወይም አምስት ሆኖ ባጃጅ መጋራት ለኪስም ለደኅንነትም ይበጃል።

ከላይ ከተደረሰ በኋላ ዐይን ሁሉን በአንድ ጊዜ ሊጎርስ ይሞክራል፤ በመጨረሻም ምንም አይዝም። ስለዚህ በተራ እንይ። አስቀድሞ ውኃውን። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በከተማው ጎን አልፎ ወደ ጢስ ዓባይ ሲወርድ ተከተሉት፤ ዕድል ከቀና ጉማሬም ይታያል። ቀጥሎ ድልድዩን። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ይህ ከታወቀ ድልድዩ እንደ ሜትር ያገለግላል፤ ሌላውን ርቀት በእሱ እየለካችሁ ትገምታላችሁ።

ከዚያም ከተማውን። ባሕር ዳር ዝም ብላ የተስፋፋች ከተማ አይደለችም። በ1950ዎቹ ዓመታት በጀርመናዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ በማክስ ጉተር ማስተር ፕላን ወጥቶላታል። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች የዚያ ዘመን አሳብ ምስክሮች ናቸው። ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተተከሉት በዚሁ ጊዜ ነው። በካርታው ላይ ፖሊንና ፔዳን ፈልጉ፤ ከዚያ ጎዳናዎቹ ወዴት እንደሚያመሩ ተመልከቱና አንድ ጥያቄ በደብተራችሁ ጻፉ፦ ከተማው ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞረው በየት በየት ነው? ጀርባውን የሰጠውስ የት ላይ ነው?

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር እንናገር። ከፍታ የሚያሳየውን ያህል ይደብቃል። ከበዛዊት የሚታየው ጣና ሰማያዊና የተረጋጋ ነው። ነገር ግን ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው፣ ጥልቀቱ በዛ ቢባል ከ14 እስከ 15 ሜትር፣ ማለት የአምስት ፎቅ ቤት ቁመት ያህል ነው። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ በየክረምቱ የሚያወርዱት አፈር እንዲህ ባለ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ከላይ ሆኖ አይታወቅም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀው እንቦጭ የተስፋፋው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ ያ ዳርቻ ደግሞ አስቀድሞ በሰላነው ወሰን ምክንያት ከዐይናችን ውጭ ነው። ሐይቁ ጤነኛ ነው ብሎ ከኮረብታው የሚወርድ ሰው አልዋሸም፤ ያየውን ተናግሯል። ያላየውን ግን አልጠየቀም።

ሰውም ከላይ ሲታይ ያንሳል። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው ዓሣ አጥማጅ ከኮረብታው ነጥብ ነው፤ ታንኳውን ስንት ቀን እንደሚሠራት፣ ደንገሉ ሲመናመን ወዴት እንደሚሄድ ነጥቡ አይነግረንም። ጥንት ከሰገነት የሚያየው ገዥ ነበር፤ ዛሬ የተማረውም ሰው ከሰገነት ማየት ይወዳል። ሪፖርት የሚጻፈው፣ ፕላን የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከላይ በታየው ነው። እኛም ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ መምህር ወይም ሹም ሆነን ከወረቀት ሰገነት ላይ እንቀመጣለን። ያን ጊዜ የሚያስፈልገን ልማድ ዛሬ ካልተለመደ ነገ አይመጣም።

ስለዚህ ጉብኝቱን በሁለት እንድትከፍሉት እንመክራለን። ጧት ወጥታችሁ እዩና አምስት ጥያቄ ጻፉ። ከሰዓት በኋላ ወርዳችሁ አምስቱን በእግራችሁ ፈትሹ፤ አንዱን ለዓሣ አጥማጅ፣ አንዱን ለገበያተኛ፣ አንዱን ከፋብሪካው ለሚወጣ ሠራተኛ፣ የቀሩትን ለከተማው ሽማግሌዎች አቅርቡ። ከላይ የገመታችሁትና ከታች የሰማችሁት ካልተስማማ፣ ልዩነቱን በደብተራችሁ አስፍሩ፤ ከጉብኝቱ ትርፉ እሱ ነውና።