ኪታብ በወረቀት ወይስ በስክሪን?

«ልጃችን ኪታቡ ሁሉ በስልክ ይገኛል ይለናል፤ ታዲያ ለመጽሐፍ ገንዘብ ማውጣቱ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ በደባርቅና በዳባት ባሉ ሙስሊም ቤቶች የሚነሳ ነው። ዛሬ በአላህ ፈቃድ ይህንኑ እንመለከታለን።

ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ የወረደው ወሕይ ስለ ማንበብና ስለ ብዕር ነው። የሚነበብበት ነገር ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል። ቁርአን በመጀመሪያ በቴምር ዝንጣፊና በስስ ድንጋይ ላይ ይጻፍ ነበር። በየማማ ጦርነት ብዙ ሐፊዞች ከሞቱ በኋላ በአቡበክር (ረ.ዐ.) ትእዛዝ ዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ.) በአንድ ላይ ሰበሰቡት። በአገራችንም በሐረርና በወሎ ኪታቦች በእጅ ሲገለበጡ ኖረው፣ በ1961 ዓ.ም. የቁርአን የአማርኛ ትርጉም በማተሚያ ቤት ታተመ። ስለዚህ መሣሪያው አዲስ መሆኑ ብቻውን ነውር አይደለም። መመዘን ያለበት ጥቅሙና ጉዳቱ ነው።

ለንባብ ብቻ የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የአማዞን ኪንድል አንዱ ነው። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ገጽ እንደ ስልክ ዓይን ላይ አያበራም፤ ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ፊደሉን ይሠራሉ። ኃይል የሚወስደው በዋናነት ገጽ ሲገለጥ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተሞላ ለሳምንታት ያገለግላል። ብዙ ቅጽ ያለውን ኪታብ በአንድ እጅ ያስይዛል፤ ዓይናቸው ለደከመ አባቶችና እናቶች ፊደሉን ያጎላል። ስልክ ግን በየመሐሉ መልእክትና ጨዋታ እያመጣ ልብን ይሰርቃል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነ አንድ ሙከራ፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌት ተሰጣቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል እየዘመሩ ይጠሩ ጀመር። ሆኖም መሣሪያው የሚሞላው በፀሐይ ኃይል ነበር፤ ወላጆች አሞላሉን ተምረዋል፤ ባለሙያም እየተመላለሰ ይከታተል ነበር። መብራትና ተከታታይ በሌለበት መሣሪያው ብቻውን ምን ያደርጋል?

ይህ ለእኛ ቅርብ ጉዳይ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርድ ደግሞ ባትሪን ያዳክማል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ለንባብ የቀረው ቀድሞ የወረደውና በመደርደሪያ ያለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009ም አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን መጻሕፍት ከገዢዎች ኪንድል ላይ ሳያስፈቅድ አጥፍቷል። ገንዘባቸውን መልሶ፣ በኋላም ይቅርታ ጠይቋል። የወረቀት መጽሐፍን ግን ሻጩ ከቤትህ ገብቶ አይወስድብህም። ለልጅ ታወርሰዋለህ፤ ለመስጊድ ወቅፍ ታደርገዋለህ። እርግጥ እርጥበት፣ አይጥና እሳት ያጠፉታልና ጥበቃ ይፈልጋል።

ስለ አደቡም አንድ ነገር እንበል። የአራቱ መዝሀቦች ዑለማዎች ሙስሐፍ ለመንካት ውዱእ ያስፈልጋል ይላሉ። ስልክን በተመለከተ ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች የሙስሐፍ ሑክም የለውም ብለዋል። ቢሆንም ቁርአኑ በስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ሳለ መጸዳጃ ቤት ይዞ መግባት አይገባም። ከየትም የወረደ ጽሑፍም ስህተት ሊኖርበት ይችላልና በታወቀ ሕትመት ማመሳከር ያሻል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። አቅማችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ሙስሐፉንና ልጁ ከኡስታዙ ፊት የሚቀራውን ኪታብ በወረቀት ግዙ። መሣሪያ ካላችሁ ደግሞ ትልልቆቹን ኪታቦች ኔትዎርክ ሳለ አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ በንባብ ሰዓትም ኢንተርኔቱን ዝጉት። በሁለቱም ቢሆን ኡስታዝን የሚተካ የለም፤ የልጁን ቂርአት ሰምቶ የሚያርመው እርሱ ነውና።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን። ወሏሁ አዕለም።