“ቆሟል” ሲባል ከምን አንጻር ነው? ከማሊንዲ የተነሣው ሮኬት መልስ

በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ ከኬንያዋ ማሊንዲ ከተማ አቅራቢያ ባሕር ላይ ከተተከለው የሳን ማርኮ ማስወንጨፊያ አንድ ሮኬት ወደ ኅዋ ተነሣ። የተሸከማት ሳተላይት፣ ዕለቱ የኬንያ የነጻነት በዓል ስለነበር፣ በስዋሂሊ “ኡሁሩ” ወይም “ነጻነት” ተባለች።

ሮኬቱ ከመተኮሱ ከአንድ ደቂቃ በፊት ከባሕሩ ዳርቻ ሆኖ የሚያይ ሰው “ቆሟል” ቢል አልተሳሳተም። ይሁንና ምድር በወገቧ አካባቢ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ትሽከረከራለች። ስለዚህ ከምድር ማዕከል አንጻር ያው ሮኬት በዚሁ ፍጥነት እየተጓዘ ነበር። ከፀሐይ አንጻር ከታየ ደግሞ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 107,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ሦስቱም መልሶች ትክክል ናቸው። በፊዚክስ እንቅስቃሴ ማለት ከተመረጠ ማመሳከሪያ አንጻር የሚታይ የቦታ ለውጥ ነው። ማመሳከሪያው ካልተጠቀሰ “ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሟል?” የሚለው ጥያቄ ራሱ ሙሉ አይደለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ፍጥነት ለምን አይሰማንም? ጋሊሊዮ በ1632 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሳይናወጥ በአንድ ፍጥነት በሚቀዝፍ መርከብ ዝግ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው መርከቡ መሄዱን በምንም ሙከራ ሊያውቅ እንደማይችል አስረድቷል። አውቶቡስ ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪውን የሚገፋው የፍጥነቱ ለውጥ እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። የምድር ሽክርክሪት አቅጣጫችንን የሚለውጠው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ሰውነታችን አያስተውለውም፤ አየሩም ባሕሩም አብረውን ይዞራሉ።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ኡሁሩ በምሕዋሯ ለመቆየት ከምድር ማዕከል አንጻር በሰዓት 27,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ነበረባት። ወደ ምሥራቅ የተወነጨፈው ሮኬት ከዚህ ውስጥ 1,670ውን ከምድር በነጻ አገኘ። ወደ ምዕራብ ቢተኮስ ኖሮ ያንኑ ያህል ፍጥነት በቅድሚያ በነዳጁ መሰረዝ ይጠበቅበት ነበር። ለምድር ወገብ የቀረቡ የማስወንጨፊያ ስፍራዎች የሚፈለጉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ተቃራኒው ምሳሌ በአዲስ አበባና በናይሮቢ ጣሪያዎች ላይ ይታያል። የቴሌቪዥን ዲሽ አንዴ አቅጣጫው ከተስተካከለ ሳተላይቷን እየተከተለ አይዞርም። ሳተላይቷ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በሰዓት 11,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈች ከምድር ጋር እኩል ትዞራለች። ከዲሹ አንጻር ቆማለች። ከምድር ማዕከል አንጻር ብትቆም ግን ወደ ምድር ትወድቅ ነበር።